«ትናንት አብሽሪ ብለውኛል»

ልብስ ሰፊዋ ሰዓዳ ደሴ ሆስፒታል ማረፏን የነገረኝ የቅሬያችን ሰብሳቢ ነው። ቅሬ ማለት እኛ ወሎዎች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆነን የምንቀባበርበት ማኅበር ነው፤ ሌላው አገር ዕድር ይለዋል። አስከሬኗ ከተማችን መካነ ሰላም እንደ ደረሰ ቀበርናት። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የሰማሁት ወሬ ግን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። አንዱ «የደሀ እናት ነበረች» አለ። ሌላው «እንዲህ ያለ ሰው ዳግም አይገኝም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ይህ ራሱን የነቀነቀው ሰው ሰዓዳ ስትመጣ ካየ መንገድ ይቀይር የነበረ ነጋዴ ነው። የማውቀው እኔም አብሬው እቀይር ስለ ነበር ነው።

ሰው በሕይወት እያለ ሸሽተነው ሲሞት የምናወድሰው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሞተ ሰው ነገ ተመልሶ አይጠይቅም። ስለዚህ እኔ እንደ ድንኳኑ ሰዎች አላወድሳትም፤ እንደ ነበረች እጽፋታለሁ። ሰዓዳ ነዝናዛ ነበረች። ግትር ነበረች። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ከእኔ ጋር ከተስማማችባቸው ቀናት የተጣላንባቸው ይበልጣሉ።

እኔ አናጢ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ልጆቼን ቆንጠጥ አድርጌ አሳድጌያለሁ። ሰው ለሰው ማዘን አለበት ብዬ አስተምሬያቸዋለሁ፤ ራሴም አዛኝ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ስለ ራሴ ይኸው ይብቃ።

ሰዓዳ ጅዳ ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ከዐረብ አገር የመጣች ሴት ቤት ትሠራለች፣ ሱቅ ትከፍታለች፣ ወርቋን አድርጋ ትቀመጣለች ብለን ስንጠብቅ፣ እሷ አንድ የስፌት መኪና ይዛ መጣችና ከእኔ የእንጨት ሥራ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ክፍል ተከራየች። የእኔ መጋዝ ሲያፋጭ የእሷ መኪና ይንተከተካል። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። ሲያናግሯት የሰውን ትከሻ በዓይኗ ትለካለች፤ ብዙ ሰው የሰደበችው ይመስለው ነበር። አንድ ልማድ ደግሞ ነበራት። ያልተስማማት ነገር ስትሰማ ጥቂት እስፒሎች በከንፈሯ ይዛ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ያስፈራኝ ነበር። እስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ከሰካች በኋላ የምትናገረው ነገር መቼም ደስ አይልም።

የመጀመሪያ ጠባችን በአንድ ቃል ነው። በመጣች ሰሞን የመቁረጫ ጠረጴዛዋ እግር እየተነቃነቀ አስቸገራትና እንድጠግንላት ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ማንኛውም የወሎ ሰው «አብሽሪ» አልኳት። ይህን ቃል የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ አይዞሽ፣ አታስቢ ማለት ነው። ለታመመም ለከሰረም ለሐዘንተኛም እንለዋለን። ሙስሊሙም ይለዋል፣ እኛ ክርስቲያኖቹም እንለዋለን። ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ጠረጴዛዋን ረሳሁት።

በማግሥቱ ጠዋት በሬ ላይ ቆማለች።

«ጋሽ ተገኘ፣ ትናንት አብሽሪ ብለውኛል።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳኋት። አብሽሪ ማጽናኛ ነው፤ ቀጠሮ አይደለም አልኳት። ሳትቆጣ አዳመጠችኝ። ከዚያ ጅዳ እመቤቷን አንድ ነገር ስትጠይቃት እመቤቷ አብሽሪ ካለቻት ነገሩ አለቀ ማለት እንደ ነበር ነገረችኝ። አብሽሪ ብሎ ያልፈጸመ ሰው እዚያ ያፍራል አለች።

«እዚያ አብሽር ያለ ሰው ተነሥቶ ይሠራል» አለችኝ። «እዚህ አብሽር ያለ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል።»

ቃሉ ከዐረብ ቢመጣም አሁን የእኛ ነው፣ በፈቀድነው መንገድ እንለዋለን ብዬ ተከራከርኳት።

«አዎ» አለች፣ «ቃሉን ይዛችሁ መጥታችሁ ሥራውን እዚያው ትታችሁታል።»

ጠረጴዛውን በዚያው ቀን ጠገንኩት። ከደግነት አልነበረም፤ ነገ ጠዋት ፊቷን ላለማየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በከተማችን የችግረኛ አረጋውያንን ድጋፍ የሚመዘግብ ቢሮ አለ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጽፍም፤ ሰዎቹ ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ይህ ቢሮ አዲስ ሕንፃ ሲሠራለት ወደ ፎቅ ወጣ። ደንቡ ደግሞ ድጋፍ የሚወስድ ሰው በየሦስት ወሩ በአካል ቀርቦ መዝገቡ ላይ በጣቱ እንዲፈርም ያዛል። ደንቡን ያወጣው ሰው ክፉ አልነበረም፤ በሞተ ሰው ስም እህል የሚወስድ ስለ ተገኘ ነው። አንድ ጊዜ የቀረ የዚያን ሦስት ወር ድጋፍ ያጣል። ሁለት ጊዜ የቀረ ስሙ ተሰርዞ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ከፎቁ ሥር፣ በምድር ቤት፣ አንድ ሰፊ ክፍል ተቆልፎ ነበር። ውስጡ ያለው የተሰባበረ ወንበርና ያለፈ በዓል ሰሌዳ ነው።

ከቤቴ ጀርባ እማማ ፋጤ የሚባሉ አሮጊት ይኖራሉ። ባላቸው ሞቷል። አንድ ልጃቸው ወደ ዐረብ አገር በእግሩ ወጥቶ ወሬው ጠፍቷል። ጉልበታቸው አልታጠፍ ካለ ቆይቷል፤ ሜዳ ላይ በምርኩዝ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ እንጂ ደረጃ የሚባል ነገር አይችሉም። የሚኖሩት ከዚያ ቢሮ በሚወስዱት እህልና ዘይት ነው። እሱ ከቀረ የጎረቤት እጅ ጠባቂ መሆናቸው ነው፤ የጎረቤት እጅ ደግሞ ዛሬ ይዘረጋል፣ ነገ ያጥራል።

ስለዚህ አዘልኳቸው። የመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ ያን ሁሉ ደረጃ ይዣቸው ወጣሁ። ሰልፈኛው ሁሉ መረቀኝ። ኃላፊው፣ ወጣትና ጨዋ ሰው ነው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። ማታ ራት ላይ ለልጆቼ ነገርኳቸው፤ ሰው ማለት እንዲህ ነው አልኳቸው። ሁለተኛውም ጊዜ አዘልኳቸው። ሦስተኛውም ደረሰ። እውነቱን ልናገርና ያን ቀን እጠብቀው ጀምሬ ነበር። የታጠበ ሸሚዝ እለብስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሳወርዳቸው ሰዓዳ ከደረጃው ግርጌ ቆማለች። እስፒሎቹ በከንፈሯ ናቸው። እማማ ፋጤን ድንጋይ ላይ እስካስቀምጥ ጠበቀችና እስፒሎቹን አወጣች።

«ጋሽ ተገኘ፣ ይህን ቢሮ ፎቅ ላይ ያቆየው የእርስዎ ጀርባ ነው።»

«እና ከደረጃ ልጣላቸው?» አልኳት።

«አላልኩም። ግን እርስዎ እያዘሉ ካመጡለት ኃላፊው ደረጃ መኖሩን በምን ያውቃል? እሱ የሚያየው እማማ ፋጤ ጠረጴዛው ፊት ሲቀርቡ ነው። ለመሆኑ እሳቸውን ጠይቀዋቸዋል?»

«ምን ብዬ?»

«መታዘል ይወዱ እንደሆነ።»

ይህን የመሰለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። በጎ ሥራዬን በሰው ፊት አቃለለችው። ለሳምንታት አላነጋገርኳትም። ግድግዳ ተጋርቶ መኳረፍ ከባድ ነው፤ መኪናዋ ሲንተከተክ እንኳ የምትሰድበኝ ይመስለኝ ነበር። መልስ መስጠት ፈለግሁና በሙያዬ መለስኩ። ጥሩ የጽድ እንጨት መርጬ፣ በመላጊያ አለስልሼ፣ ለደረጃው ከታች እስከ ላይ የእጅ መደገፊያ ሠራሁለት። በነፃ። መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ፤ እኔም በመስታወት አስገብቼ ሰቀልኩት። አሁን ምን ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

መጥታ መደገፊያውን በመዳፏ ዳበሰችው። «ልስላሴው ጨርቅ ነው» አለች። ቀጥላም «አሁንማ ፎቁን አሳምረንላቸዋል፤ ጨርሶ አይወርዱም» ብላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው መጥታ ማመልከቻ ጻፉልኝ አለችኝ። ጽሕፈቴ ያማረ መሆኑን ከተማው ያውቃል። እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት፣ አረጋውያኑን ቤት ለቤት ዞራ ማነጋገሯንና አሥራ ሰባቱ ለመፈረም መስማማታቸውን ነገረችኝ። እማማ ፋጤም አሉበት። እሳቸው ካሉበት ምን እላለሁ። አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። መሥሪያ ቤቱን አመሰገንኩ፣ ለኃላፊው ረጅም ዕድሜ ተመኘሁ፣ ስለ ደግነት አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፣ መጨረሻ ላይ «እግርዎ ላይ ወድቀን እንለምናለን» አልኩ። አነበበችውና እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አውርዳ መሰረዝ ጀመረች።

«ልመናማ መስጊድ በርና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሞልቷል» አለች። «ቢሮ የሚኬደው ለመጠየቅ ነው።»

ትሕትና ማንንም አይጎዳም አልኳት።

«ትሕትናው ይኑር፤ እግር ላይ መውደቁ ይቅር። እማማ ፋጤ አንዴ ከወደቁ ማን ያነሣቸዋል?»

ሳልወድ ሳቅሁ። ከገጹ የተረፈው ጥቂት መስመር ነው። ቢሮው ምድር ቤት ወዳለው ባዶ ክፍል እንዲወርድ እንጠይቃለን፤ ምክንያቱም ደረጃ መውጣት አንችልም፤ መልሱ መቼ እንደሚሰጠን ይነገረን። ከሥሩ አሥራ ሰባት የጣት አሻራ። ያ ሁሉ የደከምኩበት ቃል ሲወጣ ወረቀቱ ራቁቱን የቀረ መስሎኝ ነበር።

ኃላፊው ተቀበላት፣ አነበበላት፣ አዘነ። ማዘኑ የውሸት አልነበረም። ከዚያ ያችን ቃል አላት። «አብሽሪ እኅቴ።»

ምስኪን። ምን እንደተናገረ አላወቀም።

በማግሥቱ ቢሮ ሲከፈት ሰዓዳ የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ላይ ተቀምጣ የእጅ ስፌቷን ትሰፋለች። ሲያልፍ ቀና ብላ «ትናንት አብሽሪ ብለውኛል» አለችው። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። የቀሚስ ዘምዘማት የሚሠራው በእጅ ስለሆነ የትም ቁጭ ብላ ትሰፋዋለች፤ የሥራ ጊዜዬ ባከነ እንኳ የማትል ሴት ናት። ኃላፊው አንድ ቀን በጀት የለም አላት። አንድ ጠረጴዛ ከፎቅ ለማውረድ ስንት ብር ይፈጃል ብላ ጠየቀችው። ሌላ ቀን ከበላይ ደብዳቤ ይጠበቃል አላት። ደብዳቤው ተጽፎ እንደሆነ፣ ካልተጻፈ መቼ እንደሚጻፍ ጠየቀችው። በመጨረሻ ክፍሉ ውስጥ የመንግሥት ንብረት ስላለ ንብረቱን የሚያይ ኮሚቴ መቋቋም አለበት አላት። ንብረቱ ያው የተሰባበረው ወንበር ነው። ሰውዬው «አብሽሪ» ማለቱን ተወ፤ «እናየዋለን» ማለት ጀመረ። እሷም «መቼ?» ማለት ጀመረች።

እኔ በዚህ ሁሉ ከማን ጋር ነበርኩ? ከማንም ጋር። ደብዳቤውን ጽፌ ስላቀበልኩ ድርሻዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ኃላፊውን መንገድ ላይ ሳገኘው በሴትዮዋ ጠባይ አብሬው ራሴን እነቀንቅ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ያደረግሁት ነው።

አራተኛው የምዝገባ ቀን ሲቃረብ ግንድ ሳነሣ ወገቤ ተያዘ። እማማ ፋጤን የሰፈር ጎረምሶች እንዲያዝሉልኝ ላክሁባቸው። መልሱ ሰዓዳ አታዝሉ ብላናለች የሚል ሆነ። ምርኩዜን ይዤ እየተጎተትኩ ሄድኩ። አረጋውያኑ ከደረጃው ሥር በሙሉ ተቀምጠዋል። አንድም ሰው አልወጣም። ላይ ቢሮው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መዝገቡ ተዘርግቶ የሚፈርምበት የለም። እማማ ፋጤ ከፊት፣ ሰዓዳ ከጎናቸው ናት።

እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም። በሰው ፊት ጮኽኩባት። በደሀ እንጀራ ትጫወቻለሽ፣ አንቺ መኪናሽ አለሽ፣ እሳቸው ምን አላቸው አልኳት። ከንፈሯ ላይ እስፒል አልነበረም።

«እሳቸውን ይጠይቋቸው» አለች።

ወደ እማማ ፋጤ ዞርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም መሬት መሬት እያዩ እንዲህ አሉኝ።

«ተገኘ ልጄ፣ አላህ ይስጥህ የምልህ ከልቤ ነው። ግን አዝለህ ሽቅብ ስታወጣኝ ቀሚሴ ይገለጣል። ሰልፉ ሁሉ ከታች ነው። እጄ አንተን እንደያዘ በምን ልሸፍን? ሦስቴ ወጣሁ፣ ሦስቴም አፍሬ ገባሁ።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?»

«ላዘለ ሰው ምን ይባላል?»

ኃላፊው ከላይ መደገፊያዬን ይዞ ቁልቁል ያየናል። ጥበቃው ያዝላቸው ወይ ብሎ ከላይ ጠየቀ። እማማ ፋጤ አልታዘልም አሉ። ኃላፊው መዝገቡን ይዞ እንዲወርድ ሰዓዳ ለመነችው፤ አዎ፣ ያን ቀን ለመነችው። መዝገብና ማኅተም ከቢሮ አይወጣም፣ ባወጣው እኔ እጠየቅበታለሁ አለ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ይሆን ነበር፤ ሰውዬው ግን የፈራ ሰው ነበር፤ የፈራውም ሌላ ሰው ከላዩ ስለ ነበረ ነው።

ከሰዓት በኋላ መውጣት የሚችሉት አንድ በአንድ መደገፊያውን እየያዙ መውጣት ጀመሩ። የልጅ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ምን ያድርግ። ሰዓዳ አልከለከለቻቸውም። «ውጡ፣ ሀቃችሁ ነው» እያለች እጃቸውን ይዛ አስጀመረቻቸው። ቢሮው ሲዘጋ ሥር የቀሩት አራት ናቸው። እማማ ፋጤ የሦስት ወር እህላቸውን አጡ።

እዚህ ላይ ሰዓዳ ትክክል ነበረች ብዬ አልምልም። ዛሬም ቢሆን አልምልም። ሴትዮዋ ፈቅደው ነው ትሉኝ ይሆናል፤ የተራበ ሰው ፈቃድ ግን ከባድ ነገር ነው። እነዚያን ሦስት ወራት እማማ ፋጤን ያበላቻቸው ሰዓዳ ናት። ከድስቷ እያካፈለች፣ ከሥራ በፊት ጠዋት ጠዋት ታደርስ ነበር። እኔም ልኬያለሁ። ሰፈሩ ግን ረገማት። አንዳንዱ ጨርቁን ከእሷ ወስዶ ለሌላ ሰፊ ሰጠ። ከእማማ ፋጤ ጋር ከሥር ከቀሩት ከሦስቱ የአንዱ ልጅ መጥቶ በሯ ላይ ሰደባት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ መኪናዋ ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንደ ነበር ሰማሁ። ከዚያ እንደገና ጀመረ።

ቀጣዩ ምዝገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የከተማው ሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። የእኛን ስብሰባ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፣ አስተዳደሩ ይመሰገናል፣ አንድ ሁለት ሰው ስለ መንገድ ያነሣል፣ ይበተናል። ከሚመርቁት አንዱ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ቃል አሳምራለሁ፣ ማንንም አላስቀይምም፤ ለዚህ ነው የምመረጠው። ያን ዕለት ጠዋት ሰዓዳ ወደ ሥራ ቤቴ ብቅ ብላ ዛሬ ምን እንደምል ጠየቀችኝ። የተለመደውን ነዋ አልኳት። እስፒል የምታወጣበት ጊዜ ነበር፤ ግን ከንፈሯ ባዶ ነው። ትከሻዬን ለክታኝ ወጣች።

አዳራሹ ሞልቷል። ድምፅ ማጉያው ደረሰኝ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ ነቢያቱን ጠራሁ፣ ለአገር ሰላም ጸለይኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ምስጋናው ነበር። ከሴቶቹ መካከል እማማ ፋጤ ተቀምጠው አየኋቸው። ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ደርበው፣ ጫፉን በሁለት እጃቸው ወደ ታች ይዘውታል። ቁጭ ብለው እንኳ ይዘውታል። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላዘጋጀሁትም።

«ሦስት ጊዜ እናቴን የሚያህሉ ሴት አዝዬ ደረጃ አወጣሁ። እናንተም አመሰገናችሁኝ። እኔ ለካ በአደባባይ አዋርጃቸው ነበር፤ ሳልጠይቃቸው። ከእንግዲህ አላዝልም፤ ማንም አያዝልም። ቢሮው ይውረድ። መቼ እንደሚወርድ እዚሁ ይነገረን።»

ድምፅ ማጉያውን የሚቀበለኝ ሰው ጠፍቶ ይዤው ቆሜ ቀረሁ። ከኋላ አንድ ሰው «መቼ?» አለ። ሌላም ደገመ። መድረኩ ላይ የነበሩት የበላይ ሰው ምድር ቤት ያለው ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁ። ኃላፊው መልስ እየፈለገ ሳለ በር ላይ የቆመው ጥበቃ «የተሰበረ ወንበር ነው ጌታዬ» ብሎ መለሰ። ሕዝቡ ሳቀ። ከማንኛችንም ንግግር በላይ ነገሩን የጨረሰው ያ ሳቅ ይመስለኛል። ከምዝገባው በፊት ይወርዳል ተባለ። ያኔ ሰዓዳ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ቀኑ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ አለች። ተጻፈ ተባለች። ይነበብልን አለች። ከጎኔ ያለው ሰው «እቺ ሴትዮ መቼም አትጠግብም» አለኝ። እኔም የልቤን ነው የተናገረው፤ ግን ሲነበብ ጆሮዬን አቅንቼ ሰማሁ።

ቢሮውን ለማውረድ ሁለት ጥበቃዎች ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የመዝገብ ቁምሳጥን። ከዓመት በላይ ያዘልነው፣ የጻፍነው፣ የተሰዳደብነው፣ አሮጊት የተራቡበት ነገር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ማንን ልውቀስ? ኃላፊው አዝኗል። ሰልፈኛው አዝኗል። እኔ ከሁሉ የበለጠ አዝኛለሁ፤ በመስታወት የተሰቀለ ማስረጃ ነበረኝ። በአገራችን የሐዘን እጥረት ኖሮ አያውቅም። ያጠረን ያዘንበትን ነገር ይዞ ቢሮ ድረስ የሚሄድ፣ ሄዶም ነገ የሚመለስ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ሲገኝ አይጣፍጥም። ሰዓዳ አትጣፍጥም ነበር።

የምዝገባው ቀን ሰዓዳን እንሂድና እንይ አልኳት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተከምሮባታል፤ ቀና ሳትል እርስዎ ይዩልኝ አለችኝ። የደከመችበት ነገር ሲሳካ ቆሞ ማየት አይሆንላትም፤ ይህም አንዱ የሚያናድድ ጠባይዋ ነው።

ብቻዬን ሄድኩ። እማማ ፋጤ ከቤታቸው በምርኩዝ ወጥተው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳ ግድግዳውን እየያዙ፣ እየቆሙ፣ እያረፉ መጡ። ማንም አልነካቸውም። እኔ ሊወድቁ ቢሉ ልይዛቸው ቀድሜ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ሁለት እጆቼን ዘርግቻለሁ። ደርሰው ከፊቴ ቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ተገኘ» አሉኝ፣ «ከበሩ ዞር በልልኝ እንጂ፤ ልግባበት።»